ጉልበትና አልጋ፦ የዓለም የጤና ድርጅት የወሊድ መመሪያ ከሰቆጣ ሲነበብ

የዓለም የጤና ድርጅት በየካቲት 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2018) በምጥና በወሊድ ጊዜ ስለሚደረግ እንክብካቤ 56 ምክሮችን የያዘ መመሪያ ማውጣቱ ይታወሳል። መመሪያው ከቀደሙት የሚለየው የእናትና የልጅ በሕይወት መትረፍን ብቻ ሳይሆን ወላዷ ያንን ሰዓት በምን ሁኔታ እንዳለፈችው ጭምር ከሕክምናው ውጤቶች እንደ አንዱ በመቁጠሩ ነው። ከምክሮቹ መካከል በአገራችን ያሉትን የማዋለጃ ክፍሎች በቀጥታ የሚመለከቱ ጥቂቶች አሉ። ኤፒዱራል የተባለው የወገብ ማደንዘዣ ያልተሰጣት ወላድ፣ ቀጥ ብሎ መውለድን ጨምሮ፣ ራሷ በመረጠችው አኳኋን እንድትወልድ ትበረታታ ይላል አንደኛው። ሌሎቹ ስለ ፔሪኒየም፣ ማለትም በብልትና በፊንጢጣ መካከል ስላለው ገላ ይናገራሉ። ይህ ገላ እንዳይቀደድ ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ጨርቅ መያዝን፣ በእጅ ማሸትንና በእጅ ደግፎ መጠበቅን እንደ ወላዷ ፍላጎት ይመክራሉ። ኤፒዚዮቶሚን፣ ማለትም የመውለጃውን በር በመቀስ ቆርጦ ማስፋትን፣ በዘልማድ ለሁሉም ማድረግን አይቀበሉም፤ ሕፃኑ ቶሎ እንዲወጣ የወላዷን ሆድ ከላይ መጫንንም እንዲሁ።

የመመሪያው በጎነት ክርክር አያሻውም። ሆኖም አንድ መመሪያ የሚመዘነው በሚነበብበት ቦታ ነውና ይህንን ከዋግ ኽምራ ደጋ፣ ከሰቆጣና በዙሪያዋ ካሉት ጤና ጣቢያዎች አንጻር ማንበብ ተገቢ ይሆናል። እንዲህ ሲነበብ፣ መመሪያው ከሁሉ በላይ የተማመነበት «ምርጫ» የሚለው ቃል ከሁሉ በላይ ደካማው ሆኖ ይገኛል።

ሰቆጣ በአገሪቱ የጤና ሰነዶች ውስጥ ስሟ ጎልቶ የሚነሣው በ2007 ዓ.ም. በተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ምክንያት ነው። ቃል ኪዳኑ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ድረስ ለማስወገድ ያለመ ሲሆን፣ ትኩረቱም ከፅንስ ጀምሮ ባሉት አንድ ሺህ ቀናት ላይ ነው። ከእነዚያ ቀናት አንዷ፣ ልጁ የሚወለድባት ቀን፣ የሚገባትን ያህል አልተነገረላትም።

በዋግ ገጠር፣ እንደ ብዙው የሰሜን ደጋ፣ ቤቷ ለምትወልድ ሴት በጀርባ ተንጋልሎ መውለድ እንግዳ ነገር ነው። ምጡ ሲፋፋም ትንበረከካለች ወይም ቁጢጥ ትላለች፤ እናቷ፣ አማቷ ወይም ጎረቤቷ ከኋላ ሆና ወገቧን አቅፋ ትይዛታለች። በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ማርያምን ይማጸናሉ። ቀሚሷ ጉልበቷን እንደ ሸፈነ ነው። ከፊቷ የተቀመጠችው የልምድ አዋላጅ በአመዛኙ የምትሠራው በዓይኗ ሳይሆን በእጇ ነው።

ይህችው ሴት ዳገቱን በእግር ወይም በቃሬዛ ወርዳ፣ ዕድል ከቀናት ደግሞ በአምቡላንስ መጥታ ጤና ጣቢያ ስትደርስ የሚጠብቃት ጠባብ፣ ከፍ ያለና በፕላስቲክ የተሸፈነ አልጋ ነው። በግራና በቀኙ የእግር መስቀያ ተተክሎበታል። በዚህ አልጋ ላይ መንበርከክ ያስፈራል፤ ቁጢጥ ማለትማ ከቶ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ አዋላጅ ነርሷ የመመሪያውን ቃል አክብራ «በምን አኳኋን መውለድ ትፈልጊያለሽ?» ብላ ብትጠይቅ እንኳ መልሱ ከጥያቄው በፊት በብረት ተሠርቶ ተቀምጧል። መመሪያው ስለ ምርጫ ሲናገር ስለ ዕቃው ያለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ምርጫ የሚባለው ነገር ወለሉ ላይ የሚነጠፍ፣ በበረኪና የሚታጠብ ምንጣፍ፣ የሚጨበጥ አግዳሚ፣ ከታች የሚያበራ መብራትና ወለል ላይ ለመንበርከክ ፈቃደኛ የሆነች አዋላጅ ይጠይቃል። እነዚህ በሌሉበት «ምርጫዋ ይከበር» ማለት ወንበር በሌለው ቤት እንግዳን «በፈለግህበት ተቀመጥ» እንደ ማለት ነው።

በእርግጥ ላለፉት ዓመታት ተቋማቱን ለወላዷ ለማቅረብ ብዙ ተደክሟል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የጤናው ዘርፍ የለውጥ ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ አገልግሎት መስጠት ከዋና ዋናዎቹ አጀንዳዎች አንዱ ሆኖ ነበር። በየጤና ጣቢያው አጠገብ የእናቶች ማቆያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ከርቀት የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ ያርፉባቸዋል። በብዙ ቦታዎች ለአራሷ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይባላል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ከአገር ቤት ወግ ተመርጦ ወደ ጤና ተቋም የገባው ከወሊድ በኋላ ያለው ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ገንፎው ገባ፤ ጉልበቱ ግን በር ላይ ቀረ። ለወላዷ ከገንፎው ይልቅ የሚከብዳት የትኛው እንደሆነ የጠየቃት ግን ብዙ የለም።

ከዚህ ተነሥቶ የቤት ወሊድን ማሞገስ ግን ከባድ ስህተት ይሆናል። በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወለዱት 5 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 26 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 በመቶ ከፍ ብሏል። በዚያው የ2016 ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረው 871 ጋር ሲነጻጸር የተጓዝነው መንገድ ቀላል አይደለም። ቤቷ ተንበርክካ የወለደች ሴት ደም ሲፈስሳት የሚሰጣት ኦክሲቶሲን አልነበረም፤ የሕፃኑ ራስ ከዳሌዋ አልፎ አልወጣም ሲል ቀዶ ሕክምና የሚያደርግላት አልነበረም፤ የተቀደደው ገላዋም ሳይሰፋ በራሱ ይድን ወይም ሳይድን ይቀር ነበር። መንበርከክ ለተዘጋ ምጥ መድኃኒት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተከፈተው የፊስቱላ ሆስፒታል አልጋዎች ለአሥርት ዓመታት ያስተናገዷቸው ሴቶች ለቀናት በምጥ የቆዩ፣ አብዛኞቹም ከገጠር የመጡ ናቸው። የቤት ወሊድ አደጋው የሚመነጨው ሴቲቱ ከምትወልድበት አኳኋን ሳይሆን በአጠገቧ ከጎደለው ሙያና መድኃኒት ነው። ጥፋቱ ሁለቱ ተደባልቀው መታየታቸው ነው፤ ተቋሙ አደጋውን ሊያስወግድ ሲነሣ አኳኋኑንም አብሮ አስወገደ።

አኳኋኑ የተወገደው ደግሞ በሳይንስ ማስረጃ ተመዝኖ አልነበረም። ወላድ በአልጋ ላይ እንድትተኛ የሚመክረው ትምህርት በአውሮፓ የተስፋፋው በ17ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ ለዚህም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1668 መጽሐፉን ያሳተመው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ ሞሪሶ ነው። ከዚያ በፊት አውሮፓውያት ሴቶችም በመውለጃ ወንበር ላይ ይወልዱ ነበር። አልጋው ለሐኪሙ ዓይንና ለመሣሪያው ተመቸ፤ ቆይቶም ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት እየተላለፈ ያለ አንዳች ጥያቄ «ትክክለኛው» ሆነ። ወደ አገራችን የደረሰውም ከዘመናዊው ሕክምና ጋር ተጠቅልሎ ነው። መድኃኒቱና አልጋው በአንድ ሣጥን ስለመጡ አንድ ነገር መሰሉ።

የሰውነት አሠራሩም አልጋውን ብዙ አይደግፈውም። በወር ላይ ያለች ነፍሰ ጡር በጀርባዋ ስትንጋለል ክብደት ያለው ማኅፀን ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቅ የደም ሥር ይጫናል፤ የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ ወደ ፅንሱ የሚሄደውም ደም ይቀንሳል። በኤም አር አይ የተወሰዱ ልኬቶች ደግሞ ቁጢጥ ስትል ወይም በእጅና በጉልበቷ ስትንበረከክ የዳሌው መውጫ በመጠኑ እንደሚሰፋ አመልክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታደሰው የኮክሬን ግምገማ ኤፒዱራል ያልተሰጣቸውን 9,015 ሴቶች ያካተቱ 30 ሙከራዎችን መዝኖ፣ ቀጥ ብለው የወለዱት በመሣሪያ የመዋለድ ዕድላቸው በሩብ፣ ኤፒዚዮቶሚ የመደረግ ዕድላቸውም በሩብ ያህል እንደቀነሰ፣ የፅንሱ የልብ ምት መዛባትም እንዳነሰ አግኝቷል። በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድል ላይ ግልጽ ልዩነት አልታየም።

መመሪያው የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። ግን ግምገማው ሌላም ነገር ይላል፤ ቀጥ ብሎ መውለድ ሲወደስ ይህኛው ገጽ ብዙ ጊዜ ሳይገለጥ ይታለፋል። ቀጥ ብለው በወለዱት ላይ ሁለተኛ ደረጃ መቀደድ በ20 በመቶ ያህል ሳይበዛ አልቀረም፤ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም የፈሰሳቸው ደግሞ በ1.48 እጥፍ በልጠዋል። ከፊሉ ልዩነት የመለኪያው ሊሆን ይችላል። ቀጥ ብላ የምትወልድ ሴት ደም በዕቃ ይጠራቀምና ይታያል፤ የተኛችው ደም ግን አንሶላ ውስጥ ገብቶ በግምት ይቀራል። ይህንን ገምጋሚዎቹ ራሳቸው አንሥተውታል። ቢሆንም በሰቆጣ ዙሪያ ይህ ቁጥር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ጤና ጣቢያ በመደበኛ አሠራሩ ደም አይሰጥም፤ የሚያስፈልጋት ወላድ ሰቆጣ ወደሚገኘው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መላክ አለባት። ከተከዜ ተፋሰስ፣ ከዝቋላና ከአበርገሌ ቆላ ተነሥቶ ወደዚያ መድረስ የደቂቃዎች ጉዳይ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የዞኑ የጤና ተቋማት ለዝርፊያና ለጉዳት መዳረጋቸው ሲታከልበት፣ በሌላ አገር «ትንሽ ከፍ ያለ የደም መፍሰስ» የሚባለው እዚህ ሌላ ትርጉም ያገኛል።

ለዚህ መልስ የሚሆነው ዐረፍተ ነገር በመመሪያው ውስጥ አለ። ያለው ግን በዋናው ምክር ሳይሆን ከሥሩ በተጻፈው ማሳሰቢያ ነው። ቀጥ ብላ መውለድ የምትፈልግ ሴት ሕፃኑ ሊወጣ ሲል ወደ ከፊል መጋደም ወይም በእጅና በጉልበት ወደ መንበርከክ ብትዞር፣ ፔሪኒየሙን ለመጠበቅና ደሙን ለመቀነስ ያመቻል ይላል። ለዋግ ከ56ቱ ምክሮች ሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱም በእጅና በጉልበት መንበርከክ ለዚያች ሴት አዲስ ትምህርት አይደለም። ከቤቷ ይዛው የመጣችው ነው። በአገር ቤቱ አኳኋንና በሳይንሱ ጥንቃቄ መካከል ያለው ድልድይ በማሳሰቢያ ውስጥ ተደብቆ፣ በግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ግን «በመረጠችው አኳኋን» የሚለው አጭር ቃል ብቻ መሆኑ የመመሪያው ትልቁ የአቀራረብ ጉድለት ነው። ማሳሰቢያን የሚያነብ ማን ነው? ሌሊት ብቻዋን ሁለት ወላድ የምታዋልድ አዋላጅ አይደለችም።

በነገራችን ላይ፣ አኳኋን ሃይማኖት አለመሆኑን ለማስታወስ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ትልቅ ሙከራ ኤፒዱራል ከተሰጣቸው የመጀመሪያ ልጅ ወላዶች መካከል በጎናቸው እንዲተኙ ከተደረጉት 41.1 በመቶ ያለ መሣሪያ ሲወልዱ፣ ቀጥ እንዲሉ ከተደረጉት ግን 35.2 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። ኤፒዱራል ለማይገኝበት ለሰቆጣ ጤና ጣቢያ ይህ ውጤት አይሠራም፤ ግን «ቀጥ ያለ ሁልጊዜ ይሻላል» ለሚል ሰው ጥሩ ልጓም ነው።

ወደ ፔሪኒየሙ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ እዚህ ላይ መቀስ አለና። ኤፒዚዮቶሚን በጽሑፍ ያነሣው የደብሊኑ ሐኪም ፊልዲንግ ኦውልድ እ.ኤ.አ. በ1742 ሲሆን፣ ያሰበውም ለአስቸጋሪ ወሊድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 የቺካጎው ጆሴፍ ዴሊ መቁረጡን ከፎርሴፕስ ጋር አጣምሮ ለጤነኛ የመጀመሪያ ወሊድ እንደ መከላከያ አቀረበው። ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች የማዋለጃ ክፍሎች የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሁሉ መቆረጧ ደንብ ሆነ፤ ምክንያቱም «ቀጥ ያለ ቁስል ከተቦጨቀ ቁስል ይሻላል» ተብሎ ይታመን ነበር። እምነቱ በሙከራ የተፈተነው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአርጀንቲና 2,606 ሴቶች የተሳተፉበት ሙከራ ሲታተም፣ በዘልማድ ከሚቆረጡት ወገን 82.6 በመቶ፣ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ከሚቆረጡት ወገን ግን 30.1 በመቶ ተቆርጠው፣ ከባድ መቀደድ በሁለቱም ወገን ከ2 በመቶ በታች ሆነ። ከግማሽ በላይ ለሚሆኑት ሴቶች መቀሱ ያስገኘው ትርፍ አልነበረም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማም 6,177 ሴቶችን ይዞ፣ በምርጫ ብቻ መቁረጥ ከባዱን መቀደድ በ30 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

በአገራችን በተለያዩ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ግን ከወላዶች ከሲሶ በላይ እንደሚቆረጡ ዘግበዋል። መመሪያው በመደበኛ ወሊድ ኤፒዚዮቶሚ እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ ይናገራል፤ ተቀባይነት ያለው መጠን ስንት ነው ለሚለው ግን ቁጥር ለመስጠት ይቸገራል። ይህ ሐቀኝነት ነው፤ ለጤና ጣቢያ ኃላፊ ግን የሚይዘው ገመድ አይሰጠውም። መጠኑ ካልተነገረ የሚቆጥር የለም፤ ካልተቆጠረ ደግሞ ልማዱ በነበረበት ይቀጥላል። መመሪያው መቁረጥ ግድ ሲሆን ማደንዘዣና የወላዷ ፈቃድ እንዲኖሩ፣ አቅጣጫውም ወደ ጎን ያዘነበለ እንዲሆን ማዘዙ ግልጽና ጠንካራ ነው። በሰቆጣ «ፈቃድ» የሚለውም ቃል እንደ «ምርጫ» አንድ እንቅፋት አለበት፤ እርሱም ቋንቋ ነው። ከወላዶቹ ብዙዎቹ የአፍ መፍቻቸው ኽምጠኛ ነው። ምጥ በተፋፋመበት ሰዓት፣ በሁለተኛ ቋንቋ፣ እግሯ ተሰቅሎ ሳለ የሚጠየቅ ፈቃድ ፈቃድ ለመባል ይቸግራል። ጥያቄው መጠየቅ ያለበት ከሳምንት በፊት፣ በእናቶች ማቆያ ቤት፣ በራሷ ቋንቋ፣ ቡና እየተጠጣ ነው። መመሪያው ይህን አላሰበውም፤ ጄኔቫ ሆኖ ማሰብም አይጠበቅበትም። የሚጠበቀው ወደ አገር ውስጥ አሠራር ከሚመልሱት ሰዎች ነው።

ከመቀሱ በፊት ያለውስ? ለብ ያለ ጨርቅን በተመለከተ በ1,799 ሴቶች ላይ የተደረጉ አራት ሙከራዎች ተደምረው የሦስተኛና የአራተኛ ደረጃ መቀደድ፣ ማለትም ወደ ፊንጢጣ ጡንቻ የሚደርሰው፣ ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ማሸትም ተመሳሳይ ውጤት ሰጥቷል። በእጅ ደግፎ የመጠበቁ ማስረጃ ከእነዚህ ይልቅ ደካማ ነው። ከምክሮቹ ሁሉ ርካሹ ይህ የጨርቁ ምክር ነው። ንጹሕ ጨርቅ፣ ሙቅ ውኃ፣ ሙቀቱን አስቀድሞ በራሷ ክንድ የምትፈትን አዋላጅ። የውኃና የመብራት ችግር ባለበት ጤና ጣቢያም ቢሆን ቡና ከሚፈላበት ምድጃ ላይ አንድ ፔርሙዝ ሙቅ ውኃ ማስቀረት አያቅትም። ይሁንና በማዋለጃ ክፍሎቻችን የመሣሪያ ጠረጴዛ ላይ መቀሱ ሁልጊዜ አለ፤ ፔርሙዙ የለም። አንድ ክፍል ወላዷን ለምን እንደሚጠብቃት ለማወቅ ጠረጴዛውን ማየት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ነገር ግን ማስረጃው ከየት እንደመጣ መጠየቅ ይገባል። ከሙከራዎቹ ታዋቂው እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመውና በሲድኒ፣ አውስትራሊያ፣ በ717 የመጀመሪያ ልጅ ወላዶች ላይ የተደረገው ነው። በአማራ ክልል ግን እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች 62 በመቶ ግርዛት ተፈጽሞባቸዋል። ጠባሳ ያለበት ገላ እንደ ጤነኛ ገላ አይለጠጥም። ግርዛት በወሊድ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የመዘነው እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የዓለም የጤና ድርጅት ትልቅ ጥናት 28,393 ሴቶችን ቢያካትትም የተደረገው በስድስት የአፍሪካ አገሮች ነበር፤ ኢትዮጵያ ከእነርሱ መካከል አልነበረችም። ስለዚህ ለብ ያለው ጨርቅ ለዋግ ወላድ ምን ያህል እንደሚረዳ የሚነግረን ማስረጃ ከሌላ ገላ የተወሰደ ነው። ይህ ጨርቁን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ ጉዳት የለውምና። አዋላጇ ጠባሳውን በእርግዝና ክትትል ጊዜ አይታ እንድትመዘግብ፣ የሚያሰጋ ሲሆንም አስቀድማ እንድትልክ ማድረግ ግን መመሪያው በአንድ ቃል ያልነካው፣ እዚህ የግድ የሚጨመር ሥራ ነው።

መመሪያው ነጣጥሎ ያስቀመጣቸው፣ በዋግ ግን የማይነጣጠሉ ሁለት ምክሮችም አሉ። አንዱ አኳኋኑ ነው፤ ሌላው በሌላ ገጽ ላይ የተጻፈው፣ ወላዷ የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲሆን የሚለው ነው። ቤት ውስጥ ተንበርክካ የምትወልድ ሴት ብቻዋን አትንበረከክም፤ ከኋላ አቅፋ የምትይዛት ሴት አለች። መደገፊያዋ፣ ወንበሯ፣ የምትጨብጠው አግዳሚ ያቺው ሴት ናት። እናቲቱ ወይም አማቲቱ በር ላይ እንድትቀር ከተደረገ አኳኋኑም አብሮ በር ላይ ቀርቷል፤ ከዚያ በኋላ ምንጣፍ ማንጠፍ ትርጉም የለውም። መመሪያውን የሚተረጉሙ ሰዎች ሁለቱን ምክሮች በአንድ ገጽ ላይ፣ አንዱን ያለ ሌላው እንደማይሠራ አድርገው ቢጽፉ ሥራው በግማሽ ይቀልላል።

የአዋላጆቹ ስጋትም እንደ ስንፍና መታየት የለበትም። የተማሩት ከፊት ሆነው፣ ከላይ በሚበራ መብራት፣ በጀርባዋ በተኛች ወላድ ላይ ነው፤ የማስተማሪያው አሻንጉሊትም እንዲሁ የተኛ ነው። በእጅና በጉልበቷ በተንበረከከች ሴት ላይ ሁሉም ነገር ይገለበጣል፤ ፊንጢጣው ከላይ፣ የሕፃኑ ፊት ወደ አዋላጇ ይሆናል። እጇ የለመደውን አቅጣጫ ያጣል፤ የሕፃኑን ትከሻ ለማውጣት የምታደርገው እንቅስቃሴም ይለወጣል። ይህን በአንድ ቀን ስብሰባና በአንድ ፖስተር መማር አይቻልም። የሚማሩት ከሚያውቅ ሰው እጅ ሥር ሆነው ነው። በዚያ አካባቢ የሚያውቁት ደግሞ አንዳንዴ በጤናው ሥርዓት ከወሊድ ሥራ እንዲርቁ የተደረጉት የልምድ አዋላጆች መሆናቸው ትንሽ የሚያሳፍር እውነት ነው። እነርሱን ወደ ማዋለድ ሥራ መመለስ አያስፈልግም፤ ከኋላ እንዴት እንደሚታቀፍ፣ መቼ ዝም እንደሚባል ግን ከእነርሱ የሚወሰድ ትምህርት አለ።

አልጋውም ቢሆን ይጣል አይባልም። ሰዓቱ ተሳስቶ ነው እንጂ ቦታ አለው። ሕፃኑ ወጥቶ፣ ኦክሲቶሲኑ ተወግቶ፣ ወላዷ ልጇን ታቅፋ ስትጋደም አልጋው ሥራውን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የታተመውና በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች የተደረገው ጥናት፣ የፈሰሰውን ደም በመለኪያ በተሠራ ፕላስቲክ ከጀርባዋ ሥር አንጥፎ መለካትና ሕክምናውን ወዲያው በአንድነት መስጠት ከባዱን መድማትና ተከታዩን ጉዳት በ60 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ያ ፕላስቲክ የሚነጠፈው ለተጋደመች ሴት ነው፤ ከወሊድ በኋላ ስለሆነ ከመንበርከኩ ጋር አይጋጭም። ፔሪኒየሙን በደንብ ለማየት፣ የተቀደደው እስከ ፊንጢጣ ጡንቻ መድረስ አለመድረሱን በጣት መርምሮ ለማረጋገጥና በማደንዘዣ ለመስፋት ደግሞ መጋደምና ጥሩ መብራት የግድ ያስፈልጋሉ። በጣት ካልተመረመረ ሦስተኛ ደረጃ የሆነው እንደ ሁለተኛ ተቆጥሮ ይሰፋና ሴቲቱ ዐይነ ምድሯን መቆጣጠር አቅቷት ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ለማንም አትናገርም፣ ሁለተኛውን ልጇን ግን እቤቷ ትወልዳለች።